የኋላ ፍሬንና የአለቃ ጆሮ



በዚህ ዓምድ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ንብረት አያያዝ ስንጨዋወት ቆይተናል። የዛሬው ርእሳችን በመጀመሪያ እይታ የጋራዥ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይኸውም የተሽከርካሪን የኋላ ዲስክ ፍሬን፣ በተለይም ካሊፐር የሚባለውን ክፍል ፈትቶ የማጽዳትና የማደስ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በቤተሰብ ገጽ ላይ መውጣቱ በስሕተት አይደለም። በዚያ መኪና ለልቅሶም ሆነ ለሠርግ፣ ለሕክምናም ሆነ ለትምህርት ቤት የሚሳፈሩት ባለቤቶቻችንና ልጆቻችን ናቸውና።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። ጥፋቱም በአመዛኙ የእኛው የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ስለ ነበረ፣ ሳንሸሽግ እንተርከዋለን።

ከጥቂት ጊዜ በፊት የአንድ ባልደረባችን እናት ጎጃም ውስጥ ማረፋቸው ተነገረ። ባልደረባችን በዚያው ሌሊት ቀድሞ ሄደ። ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን፣ እንዲሁም ሦስት ጎረቤት ለቀስተኞችን ይዘን በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ በጦር ሠፈሩ ስቴሽን ዋገን የተነሣነው እኛ ነበርን። አሽከርካሪው ቁጥብና ጠንቃቃ አሥር አለቃ ነው። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ስለ ተቀጠረ፣ መንገዱም ሩቅ ስለ ነበረ፣ ገና ከሠፈሩ በር ሳንወጣ «ቶሎ በል» ማለት አብዝተን ነበር።

ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይን በረሃ ቁልቁለት እንደ ጀመርን፣ የባልደረባችን ባለቤት ከኋላ ወንበር ሆነው «መቶ አለቃ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል፤ እንደ ቀንድ ቃጠሎ ያለ» አሉን። ከፊታችን አንድ ከባድ የጭነት መኪና ይወርድ ስለ ነበረ «የፊተኛው መኪና ፍሬን ነው፤ አይስጉ» ብለን መለስንላቸው። ጥቂት እንደ ሄድን ትንሹ ልጅ በመስኮት አሻግሮ እያየ «እማዬ፣ ጎማችን ይጨሳል!» ሲል ጮኸ። በዚያችው ቅጽበት አሥር አለቃው ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ዝግ ባለ ድምፅ «መቶ አለቃ፣ ፔዳሉ ለስልሶብኛል» አለን።

ቀጥሎ ያደረገውን ሁሉ ዛሬም እናስታውሰዋለን። ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠ፤ ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ አወረደ፤ መኪናውን ከገደሉ በኩል አርቆ ወደ ተራራው ጥግ አስጠጋና በቦይ ውስጥ አቆመው። ሁላችንም ወርደን ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወተፍን። ከቀኝ የኋላ እግር ነጭ ጭስ ይወጣ ነበር። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆመን ከጠበቅን በኋላ፣ አንድ አውቶቡስ እናቲቱን፣ ልጆቹንና ለቀስተኞቹን አሳፈረልን። የደረሱት ግን አፈር ከተመለሰ በኋላ ነበር። እኒህ ሴት አማታቸውን እንደ እናት የሚያዩ ነበሩ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ሳይሰናበቷቸው ቀሩ። የሰው ሕይወት አልጠፋም ብለን እግዚአብሔርን ብናመሰግንም፣ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳት አልነበረም።

መኪናው ተጎትቶ ወደ ጋራዣችን ከተመለሰ በኋላ፣ የጋራዡ ኃላፊ የሆኑት አዛውንት ሃምሳ አለቃ የቀኙን የኋላ እግር በፊታችን ፈቱት። በውስጥ በኩል ያለው የፍሬን ሸራ ፈጽሞ አልቆ ብረቱ ዲስኩን ሲፍቅ ቆይቷል። በውጭ በኩል ያለው ግን ገና ግማሽ ያህል ቀርቶታል። ሃምሳ አለቃው ካሊፐሩ የሚንሸራተትበትን ፒን በእጃቸው ሊነቅሉት ሞከሩ፤ አልተነቀነቀም። በሞርሳ አስረው፣ በመዶሻ እየነኩ ሲያወጡት ከላይ እስከ ታች በዝገት ተሸፍኖ ነበር።

«ይህ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም» አሉ። እኛም ወደ አሥር አለቃው ዞር ብለን «አላወቅህም ነበር?» ብለን ጠየቅነው። አንገቱን ደፍቶ «ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ጎማው ከሌሎቹ ይልቅ ይግል ነበር» አለ። «ታዲያ ስለ ምን አልነገርኸንም?» ብንለው፣ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ባለፈው ወር ስለ ጎማዎቹ ማለቅ ባመለክት በሰልፍ ፊት ምክንያት ፈላጊ ብለውኛል» ሲል መለሰልን። እውነቱን ነበር። ብለነዋል።

ሥራችን ለወታደሩ መናገርና ወታደሩን ማዳመጥ ነው። የመጀመሪያውን አብዝተን ሁለተኛውን እንደ ዘነጋን በዚያ ጋራዥ ውስጥ ተረዳን። በመሆኑም በሚቀጥሉት ቀናት ቱታ ለብሰን ከሃምሳ አለቃው ሥር ሆነን ሥራውን ተማርን። የተማርነውንም ለአንባቢ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ፍሬን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። በጦር አካዳሚ ሳለን የፓስካልን ሕግ በሰሌዳ ላይ ተምረናል፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል ይላል። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ ግፊቱ በፍሬን ዘይት አማካይነት በቱቦ እስከ እያንዳንዱ እግር ይደርሳል። በዲስክ ፍሬን ላይ ከጎማው ጋር የሚሽከረከር የብረት ሳሕን አለ፤ ካሊፐር የሚባለው እንደ መቆንጠጫ ሆኖ ሳሕኑን በሁለት ሸራዎች መካከል ይጨምቀዋል። ለዚህ ዓይነቱ ፍሬን ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ስሙ በዓለም የገነነው ግን ብዙ ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የዲስክ ፍሬን የተገጠመለት ጃጓር ፈረንሳይ ውስጥ የሚካሄደውን የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ባሸነፈ ጊዜ ጥቅሙ ለሁሉም ታየ። ከዚያም በመደበኛ መኪናዎች ላይ በመጀመሪያ ከፊት፣ ቆይቶም ከኋላ እየተገጠመ የታምቡር ፍሬንን ቦታ በብዙ መኪናዎች ላይ ወሰደ።

በብዙ መኪናዎች ከኋላ የሚገኘው ካሊፐር ተንሸራታች የሚባለው ነው። ፒስቶን ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ዘይቱ ፒስቶኑን ሲገፋው የውስጡ ሸራ ዲስኩን ይነካል፤ ወዲያው የካሊፐሩ አካል በሁለት ፒኖች ላይ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ የውጩን ሸራ ይስባል። እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ደግሞ ፒስቶኑን የከበበው ጎሚኒ ተለጥጦ ስለ ነበር ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስቶኑን በጥቂቱ ይመልሰዋል። ከዚህ የበለጠ የሚመልሰው ስፕሪንግ የለም። እንግዲህ ፒኖቹ ቢደርቁ ወይም ፒስቶኑ ቢዝግ፣ ሸራው ከዲስኩ አይለቅም፤ መኪናው ሳይረገጥ ፍሬን እንደ ያዘ ይሄዳል። የውስጡ ሸራ አልቆ የውጩ ሲተርፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፒኑን መታሰር ይጠቁማል። በእኛ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

የኋላው ፍሬን ሕመሙን ቶሎ የማያሳውቅበት ምክንያት አለ። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ከሥራው የሚበዛውን የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። የፊቱ ሲታመም መሪው ይጎትታል፣ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፤ አሽከርካሪው ወዲያው ያውቃል። የኋላው ሲታመም ግን በሜዳ መንገድ ላይ መኪናው እንደ ወትሮው የቆመ ይመስላል። ጉድለቱ የሚገለጠው እጅግ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ በረጅም ቁልቁለት ላይ ነው።

ቁልቁለቱ ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ በቁጥር እንመልከተው። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ከፍታ ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል። ከነሰውና ከነዕቃው 3 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ 41 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት ቢሆን ባለ 20 ሊትር ስድስት ጀሪካን ውሃ ከቀዝቃዛነቱ አንሥቶ እስከ መፍላት ያደርሰዋል። እናቶች አንድ ጀሪካን ውሃ ለማፍላት ምን ያህል ማገዶ እንደሚፈጅ ያውቁታል። በዝቅተኛ ማርሽ ብንወርድ ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ሞተሩ ይሸከምልናል፤ በከፍተኛ ማርሽ እየተንደረደርን ፔዳል ላይ ብንቆም ግን አብዛኛው በአራት ዲስኮች ላይ ያርፋል። አንደኛው ካሊፐር አስቀድሞ ታስሮ ከሆነ ደግሞ ያ እግር ከድርሻው በላይ ይግላል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የአሽከርካሪዎች ምክር ከዚህ የመነጨ ነው። እኛ «ቶሎ በል» ስንል ያስጣልነው ምክር ይህ ነበር።

ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ሲደርስ ሌላ አደጋ ይመጣል። የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር የሚስብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ደንቡ ያዛል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲስ ሳለ 230፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ግፊት አያስተላልፍም፤ ይጨመቃል። ፔዳሉ ለስልሶ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። የዛሬ መኪናዎች የፍሬን መሥመራቸው በሁለት የተከፈለ በመሆኑ አንዱ ቢከዳ ሌላው ይቀራል። እኛንም ያተረፈን ይኸው ሌላው መሥመርና የአሥር አለቃው ማርሽ አያያዝ ነው። ስለዚህም የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ሊለወጥ ይገባል፤ ዓይነቱም በመኪናው መመሪያ ላይ እንደ ተጻፈው ይሁን። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለ ሆነ ከዶት 3ም ሆነ ከዶት 4 ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፣ መኪናውን በጠንካራና በተስተካከለ መሬት ላይ ማቆም። የኋላውን እግር ለመፍታት የእጅ ፍሬን መለቀቅ ስላለበት፣ መኪናውን የሚይዘው የፊት ጎማዎች ታኮ ብቻ ነው። ስለዚህ ታኮው ከፊትም ከኋላም ይደረግ። የጎማውን ዳዶዎች መኪናው ሳይነሣ ማላላት፤ ከዚያም በክሪክ ማንሣትና በካቫሌቶ ላይ ማሳረፍ ነው። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ሕይወቱን በአንድ ጎሚኒ ላይ እንዳንጠለጠለ ይቁጠረው።

ሁለተኛ፣ ሳይፈቱ መመልከት። የሸራዎቹን ውፍረት በውስጥም በውጭም ማነጻጸር፣ የዘይት መፍሰስ መኖሩን ማየት፣ የጎማ ቱቦው መሰንጠቁን መፈተሽ ያስፈልጋል። ሸራው ወደ 3 ሚሊሜትር ከወረደ ለመለወጥ መዘጋጀት ይሻላል። ሥራው በአንድ ወገን ይጀመር፤ ሌላው ሳይፈታ ይቆይ። ምን ከምን ጋር እንደሚገጥም የጠፋበት ሰው ሄዶ የሚያየው መምህር ይሆንለታል።

ሦስተኛ፣ ካሊፐሩን ማውረድ። ብሎኖቹ ከተፈቱ በኋላ ካሊፐሩ በሽቦ ይንጠልጠል እንጂ በፍሬን ቱቦው አይንጠልጠል፤ ቱቦው ከውስጥ ተሰንጥቆ ከውጭ ደኅና ሊመስል ይችላልና። አቧራውን በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ክልክል ነው፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን መጣል ነው።

አራተኛ፣ የሥራው ልብ የሆኑት ፒኖች። ሁለቱንም አውጥቶ አሮጌውን ግራሶ ማጽዳት፣ የገቡበትንም ቀዳዳ መጥረግ ይገባል። በአንዳንድ መኪናዎች የላይኛውና የታችኛው ፒን ስለሚለያዩ ቦታቸው እንዳይለዋወጥ ምልክት ይደረግ። የዛገ ወይም የተበላ ፒን ይለወጣል። የሚሸፍናቸው የጎማ ከረጢት ከተቀደደ እርጥበትና አቧራ የሚገባው በዚያ ነውና እሱም ይለወጣል። የሚቀባቸው ለፍሬን ተብሎ የተዘጋጀ፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግራሶ ነው። ተራው የኩሽኔታ ግራሶ ጎማውን አሳብጦ ፒኑን መልሶ ያስረዋል። ሥራው ሲያልቅ ፒኑ በእጅ ሲገፋ ሳይንገጫገጭ መሄድና መመለስ አለበት።

አምስተኛ፣ ፒስቶኑ። መልሶ ከመግፋት በፊት የዘይቱን ጋን ክዳን ከፍቶ መጠኑን ማየት ይገባል፤ ፒስቶኑ ሲመለስ ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይፈስ ነው። የፈሰሰ የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል። እዚህ ላይ የኋላው ፍሬን ከፊቱ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የእጅ ፍሬኑ ነው። በአንዳንድ መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ በዲስኩ መካከል የተሸሸገ ትንሽ ታምቡር ነው፤ በእነዚህ ላይ ፒስቶኑ በቀጥታ ቀስ ተብሎ ይገፋል። በሌሎቹ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ካሊፐሩን ራሱን ይስባል፤ ውስጡ ጥርስ ስላለው ፒስቶኑ እየተሽከረከረ ይመለሳል እንጂ በጉልበት ቢገፋ ይሰበራል። በአዳዲሶቹ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ሞተር ይሠራል፤ እነዚህ አስቀድመው በመመሪያቸው መሠረት ለጥገና እንዲከፈቱ ካልተደረገ አይነኩም። ማንኛው እንደ ሆነ ሳያውቁ ጉልበት መጠቀም ውድ ዕቃ ማበላሸት ነው። ፒስቶኑ ራሱ ከዛገ ካሊፐሩ ፈጽሞ ይፈታል፤ ጎሚኒዎቹ በአዲስ ይለወጣሉ። ዕቃው በንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ይታጠባል፤ ቤንዚንና ናፍጣ ጎሚኒውን ስለሚያበላሹ አይነኩትም።

ስድስተኛ፣ ዲስኩና ሸራው። ዲስኩ ሊደርስበት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት ብዙውን ጊዜ በራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያ ካነሰ፣ ወይም ስንጥቅ ከታየበት ይለወጣል። ሸራ ሲለወጥ በግራና በቀኝ አብሮ ይለወጣል፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ሲቆም ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። በሸራው ፊትም ሆነ በዲስኩ ላይ የዘይት ወይም የግራሶ ጠብታ ማረፍ የለበትም።

ሰባተኛ፣ መግጠምና ማናፈስ። ብሎኖቹ በመመሪያው በተጻፈው ልክ ይጠበቁ፤ የጎማው ዳዶዎች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ይሰሩ። የዘይት መሥመሩ ተከፍቶ ከነበረ ሁለት ሰው ሆኖ ማናፈስ ያስፈልጋል። አንዱ ፔዳል ላይ ሆኖ «ጫን» ሲባል ይጭናል፣ «ያዝ» ሲባል ይይዛል፤ ሌላው ማናፈሻውን ከፍቶ ይዘጋል። ካልተዘጋ በፊት ፔዳሉ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይገባል። በስንቱ እግር እንደሚጀመር መመሪያው ይናገራል፤ ብዙውን ጊዜ ከዘይቱ ጋን እጅግ ከሚርቀው እግር ነው።

ስምንተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው ይህ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ተደጋግሞ መረገጥ አለበት። ፒስቶኑ ወደ ኋላ ስለ ተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው። ከዚያም በሠፈሩ ግቢ ውስጥ በዝግታ ነድቶ መፈተን፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላም ወርዶ እጅን ወደ ቸርኬው አቅርቦ፣ ሳይነኩ፣ የግራውንና የቀኙን ሙቀት ማነጻጸር ነው። አንዱ ከሌላው ጎልቶ የሚግል ከሆነ ሥራው አላለቀም።

ለቤተሰቦቻችንም የምንለው አለን። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ለኋላው እግር ከሁሉም ይቀርባል። የቃጠሎ ሽታ፣ ጭስ፣ ብረት ከብረት የመፋቅ ድምፅ ካስተዋላችሁ ሳትፈሩ ተናገሩ፤ አንድ ጊዜ ካልሰሙ ደግማችሁ ተናገሩ። የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አይፈስስም፤ ዲስኩ ይሰነጠቃል። ልጆችም ከቆመ መኪና ጎማ አጠገብ እጃቸውን አይስደዱ። ከዚህም ሌላ የተረፈ የፍሬን ዘይት በለስላሳ ወይም በአረቄ ጠርሙስ ተደርጎ ወደ ቤት እንዳይገባ እናሳስባለን። መርዝ ነው፤ ዓይንንም ይጎዳል። ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ዘይት ውሃ ስለሚስብ ለፍሬንም አይሆንም፤ ስለዚህ ማስቀመጡ ትርፍ የለውም።

በጦር ሠፈራችን ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ። በጋራዡ በር ላይ አንድ መዝገብ በገመድ ታስሯል። ማንኛውም አሽከርካሪ ያየውን ጉድለት ቀኑን ጠቅሶ ይጽፍበታል፤ ኃላፊው አይቶ የተደረገውን ከሥሩ ያሰፍራል። ጉድለት ላመለከተ ሰው ምላሽ መስጠት የእኛ ግዴታ ሆኗል። ቁልቁለት ላይ ሲደረስ ደግሞ የፍጥነቱ ነገር የአሽከርካሪው ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠው ባለ ማዕረግ «ቶሎ በል» አይለውም። አሥር አለቃውንም ያን ቃል በተናገርንበት በዚያው ሰልፍ ፊት ቆመን ይቅርታ ጠይቀነዋል። ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ በሰልፍ ፊት የተናገርነውን በቢሮ ውስጥ ብቻችንን ብናነሣው የማይበቃ መሆኑን ተረድተን ነበር። በዚያ ሳምንት በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ጉድለት ከጠበቅነው በላይ ስለ ነበር፣ ስንቱ ሲደበቅ እንደ ኖረ አየን።

የባልደረባችን እናት የአርባ ቀን ተዝካር በደረሰ ጊዜ በዚያው መኪና፣ በዚያው አሽከርካሪ እንደገና ወደ ጎጃም ወረድን። ጎሐ ጽዮን ላይ ስንደርስ የባልደረባችን ባለቤት ከኋላ ሆነው «አሥር አለቃ፣ ፍሬኑ ታይቷል?» ብለው ጠየቁ። «ታይቷል፣ እትዬ» አላቸው። መኪናውን አቁሞ ማርሹን ወደ ሁለተኛ አስገባና ቁልቁለቱን በዝግታ ጀመረ። እኛም ሰዓታችንን ሳናይ ተቀመጥን።

እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተውን አዲሱን ድልድይ ተሻግረን ሰፋ ካለ ቦታ ስንደርስ አሥር አለቃው ቆመና ወረደ። በአራቱም ጎማዎች ዙሪያ እየዞረ መዳፉን ወደ ቸርኬዎቹ አቀረበ። ትንሹ ልጅም ከኋላው እየተከተለ እጁን ዘረጋ። «አትንካ፤ አቅርብ ብቻ» አለው። ልጁ የግራውንም የቀኙንም ካነጻጸረ በኋላ ወደ እናቱ ዞሮ «እኩል ናቸው» አላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው «እንግዲያው እንሂድ፤ ጊዜ አለን» አሉ።